ድንጋዩን የት እንዳወረድነው

በዕድሜዬ ክርክር የረታሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ተረትቼ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። በቀደም እዚሁ መካነ ሰላም ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለት ጎረምሶች ስለ አንድ የሩቅ አገር ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አገሩ ከቅኝ ግዛት ነጻ ከወጣ ቆይቷል፤ ኑሮው ግን አልቀናውም። "ታዲያ ወደ ድሮው ገዢው ቢመለስ ምን አለበት?" ይላል አንደኛው። ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ልጁን መገሰጽ አቅቶኝ አይደለም፤ አፌ እንኳን ለእሱ ለሌላም ይበቃል። ነገር ግን ያንኑ ቃል የዛሬ ሃምሳ ዓመት እኔ ራሴ ተናግሬው፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ደብተር ተሸልሜበታለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ ከድርቁ የተረፍነውም ገና ሥጋ አልለበስንም። ከአዲስ አበባ የመጡ የዕድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፍረው ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ጎፈሬውን ማበጠር የማይሰለቸው ቀጭን ልጅ፣ የክርክር ክበባችንን ተረከበ። እስከዚያ ድረስ የምንከራከረው "ብዕር ይበልጣል ወይስ ጎራዴ"፣ "እሳት ይበልጣል ወይስ ውሃ" እያልን ነበር። እሱ "ይኼ ያለፈበት ነው" አለና ሰሌዳው ላይ አዲስ ርዕስ ጻፈ፦ "ነጻ የወጣ ቅኝ ግዛት ወደ ቀድሞ ገዢው መመለስ አለበት ወይስ የለበትም?" ሬዲዮ ላይ ሰምቶት ነው፤ ባሕር መካከል ያለች የአንዲት ደሴት ሰዎች እንመለስ አንመለስ ብለው ተከፋፍለዋል አለን። እኛ ባሕር አይተን አናውቅም። ቅኝ ግዛት የሚባለውንም የምናውቀው ካርታ ላይ በተቀባው ቀለም ነው። ቢሆንም ዕጣ ወጣ፤ ለእኔ "መመለስ አለበት" የሚለው ደረሰኝ።

አለቀስኩ። በየአደባባዩ "ይውደም! ይውደም!" በሚባልበት ዘመን ገዢው ይመለስ ብሎ መቆም ቀላል ነገር አልነበረም። ዘማቹ "አይዞሽ፣ ክርክር ነው እንጂ እምነትሽ እኮ አይደለም" አለኝ። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ይኸው ክርክር፣ ባሕርና ደሴት የሚል ቃል ሳይገባበት፣ በእኛ መንደር በየቤቱ ይካሄድ ነበር።

መንደራችን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መሬቱ የአንድ ባላባት፣ ሰዉም የእሳቸው ጢሰኛ ነበር፤ ከምርቱ እኩሌታውን ያስገባል፣ አጥራቸውን ያጥራል፣ ሚስቱ ለድግሳቸው ትፈጫለች። አዋጁ ሲመጣ መሬቱ ተከፋፈለ፤ ለእናቴም በስሟ ደረሳት። ነገር ግን መሬት ብቻውን ምን ይሆናል? በሬው በድርቁ አልቋል፤ ዘሩ ተበልቷል። ባላባቱ ከብቶቻቸውን በጊዜ ወደ ዓባይ ዳር አውርደው አትርፈዋል፤ ጎተራቸውም አልተነካም። ግንቦት ላይ መልእክት ላኩ፦ መሬቴን የወሰደ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ፤ አውፍ ብዬ ይቅር እለዋለሁ፤ በሬም ዘርም እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ድሮው ነው።

ድንጋይ መሸከም በእኛ አገር የታወቀ ወግ ነው። ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ ይቆምና ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ተበዳዩ "አውርደው" ሲለው ድንጋዩ እዚያው ደጅ ላይ ይወርዳል፤ ታረቁ ማለት ነው። ስንት ደም የደረቀበት ወግ ነው፤ ዛሬም ሲነሳ አከብረዋለሁ። መሬት ስለተሰጠው ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም።

አንዳንዱ ሄደ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በማንም አልፈርድም። እናቴ ግን ከዛሬ ነገ እያለች ቆየች። ምክንያት ነበራት። አባቴ በድርቁ ዓመት ከአውድማው ያገኛትን ጥቂት ገብስ ለሁለት ከፍሎ የባላባቱን ድርሻ በአህያ ጭኖ አደረሰ። የእኛ ድርሻ ወር ሳይሞላ አለቀ። አህያዋም ሞተች። ከዚያ "የቀን ሥራ ልፈልግ" ብሎ በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ ሄደ፤ እዚያ ከነበረው የረሃብተኞች መጠለያ የተመለሰ የመንደራችን ሰው ነው ሞቶ መቀበሩን የነገረን።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እንዲህ ያልኩት፦

"ክቡራን ዳኞች! ነጻነት አይበላም! ነጻ የወጣ ሰው በሬ ከሌለው በምን ያርሳል? ጌታ የነበረው ሰው ቢያንስ ሲቸግረው የሚጠናበት ደጅ ነበረው። ልጇ የተራበባት እናት ማን ያበላልኛል ትላለች እንጂ ማን ይገዛኛል ብላ አትጨነቅም!"

ተቃራኒዬ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ብሎ አሳምሮ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚለው ጠፍቶት ላብ በላብ ሆነ። አዳራሹ ለእኔ አጨበጨበ። ዘማቹ ቅር እያለው ደብተሩን ሰጠኝ። ከከተማ እስከ መንደር ድረስ ደብተሩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። "በምን ረታሽ?" አለችኝ። ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ሙሉውን ደገምኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ "ነጻነት አይበላም" ያልኩትን እንድመልሰው ጠየቀችኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩት።

"እውነትሽን ነው ልጄ" አለች። "የተማረው እንዲህ ካለ እኔ ማን ነኝና ነው የምኮራው።"

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ስታገላብጥ አገኘኋት።

"እማ! ክርክር እኮ ነው! ዕጣ ደርሶኝ ነው እንጂ እኔ አላምንበትም!"

"እኔስ አምኜበት መሰለሽ?" አለችኝ፣ አንዱን ድንጋይ በሁለት እጇ እየመዘነች። "ሰኔ ገባ። ዘር የለኝም፣ በሬ የለኝም፣ አባትሽ የለም። ዞር በይልኝ።"

ሽማግሌዎቹ አንድ ሸህና አንድ ቄስ ነበሩ፤ እኛ ጋ ለእርቅ ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ማጅራቷ ላይ አደረገች፤ በላዩ ድንጋዩን አኖሩላት። መንገዱ ቁልቁለት ነው። እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኳቸው። አንዴ ወደ እኔ ዞራ "ድምፅሽን አጥፊ፣ ሰው ይሰማል" አለችኝ።

ባላባቱ ግቢያቸው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። በወጉ መሠረት ድንጋይ የተሸከመን ሰው ብዙ አያቆሙትም፤ ደመኛ እንኳ ቶሎ አውርድ ይላል። እሳቸው ግን የበቅሎአቸውን ኮርቻ እያገላበጡ ከአሽከራቸው ጋር ስለ ጠፍሩ ይነጋገራሉ። ጠፍሩ ላልቷል፣ አልላላም፣ ይቀየር፣ አይቀየር። እናቴ ጎንበስ እንዳለች ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ያን ኮርቻ ዛሬም ባገኘው አቃጥለዋለሁ።

"ይበሉ እንጂ ጌታው" አሉ ሸሁ በመጨረሻ። "አውፍ ይበሏትና ታውርደው። ሴት ናት፤ ሸክሙ ከበዳት።"

"መጀመሪያ ጥፋቷን ከአፏ ልስማ" አሉ ባላባቱ።

"ተናገሪ ልጄ፣ ወግ ነው" አሏት ቄሱ በቀስታ።

"ጥፋቴ..." አለች እናቴ። "መሬቱን ሲሰጡኝ... ጥፋቴ..." እሷ መሬት ከማንም አልቀማችም፤ ስጡኝም አላለችም። በሕይወቷ አንድ ቀን የእሷ የሚባል ነገር ሰጧት፤ እሱን ጥፋት ብላ ልትጠራው ምላሷ እምቢ አላት።

ባላባቱ ሳቅ አሉ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

"አብሽሪ፣ አብሽሪ። አትጨነቂ። ባልሽ እኮ ጨዋ ሰው ነበር። በዚያ ክፉ ቀን እንኳ የእኔን ድርሻ ሳያጎድል አስገብቶ ነው የሞተው። እንደ እሱ ያለ ጢሰኛ ከየት ይገኛል? አንቺም እንደ እሱ ሁኚልኝ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።"

ማመስገናቸው ነበር። ወላሂ፣ ከልባቸው ነው ያሉት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ቢሰድቡት ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ጎንበስ ካለችበት ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ እንደያዘች።

"ጌታዬ" አለች። "ይህን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ደጄ መምጣት የነበረበት ሌላ ሰው ነው።"

ብላ ዞረች። ቄሱ ደንግጠው "ኧረ ልጄ፣ ድንጋዩን እንኳ አውርጂው!" እያሉ ተከተሏት።

"እዚህማ አላወርደውም አባ። እዚህ ካወረድኩት ይቅር ተባለች ይባላል።"

በምን አረሳችሁ ትሉኝ ይሆናል፤ እሱን ላስቀድም። በዶማ ቆፈርን። እናቴ ወግዲ ወዳሉት ዘመዶቿ ሄዳ የባቄላ ዘር በጀርባዋ አዝላ መጣች። እኔ ዓመቱን ትምህርት አቋረጥኩ፤ የተሸለምኩት ደብተር ባዶውን ቀረ። መዳፌ ቆስሎ፣ ድኖ፣ እንደገና ቆሰለ። ምርቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ያንን ክረምት በጎመን ከረምን። ድንጋያቸውን ያወረዱት ጎረቤቶቻችን ከእኛ ቀድመው ዘሩ፣ ከእኛ የተሻለም አጨዱ፤ እኩሌታውን ግን አስገቡ። መሬቱን የሰጠን መንግሥትም በኋላ የራሱን የእህል ኮታ ይዞ መጥቶብናል፤ ነጻነቱ ሙሉ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጎደሎ ነበር። እና ቢጎድልስ? የጎደለውን ለመሙላት መታገል ነው እንጂ ወደ ነበሩበት መመለስን ምን አመጣው? ያን የሻይ ቤቱን ልጅ ባገኘው ይህንኑ ነው የምለው፤ ባይወደውም ይስማኝ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከባላባቱ ግቢ ወደ ቤታችን መንገዱ አቀበት ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ዳገቱ መካከል ስትደርስ እናቴ ደክሟት ቆመች። "እማ፣ ለእኔ ስጪኝ" አልኳት። አልተከራከረችኝም። ነጠላዋን ማጅራቴ ላይ አደረገችልኝና ድንጋዩን አሸከመችኝ። ከባድ ነበር። እሷ ያን ያህል ሰዓት እንዴት እንደቆመችበት ያኔ ገባኝ። የቀረውን መንገድ እሷ ከፊት፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ከኋላ ተጓዝን።

መሬታችን ዳር ስንደርስ ተቀመጠች። እኔ ድንጋዩን አላወረድኩም። ከፊቷ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

"ምነው?" አለችኝ።

"አውፍ በይኝ እማ።"

"ጥፋትሽ ምንድን ነው?"

የእኔ ምላስ እምቢ አላለኝም። "አባቴ እንዴት እንደሞተ እያወቅኩ ነጻነት አይበላም አልኩ። ለደብተር ብዬ አባቴን..."

አላስጨረሰችኝም።

"አውርጂው" አለች። በእጇ ወደ ማሳው ጠርዝ አመለከተችኝ። "እዚያ ድንበሩ ላይ። የእኛ ከዚያ ነው የሚጀምረው።"