አሜን ያልኩበት ሰዓት

ያቺ አሮጌ ሞጁል ከገበያ ባትጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እያልኩ ዕቃ ላይ ሳሳብብ የከረምኩበት ጊዜ ነበር። አሁን ትቻለሁ። ዕቃው ምንም አላጠፋም።

ደብረ ታቦር ላይ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን በዙሪያው ላሉ ቀበሌዎች ጥቂት የቦኖ ውሃ መቆጣጠሪያዎች ሠርቻለሁ። የመቆጣጠሪያው አንጎል ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሞጁል ናት። የተጻፈላትን ትእዛዝ ታነባለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቫልቭ ትከፍታለች፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ትዘጋለች። ሌላ ጥበብ የላትም።

ከጋፋት ወዲያ ያለው ቦኖ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ምንጩ ቀጭን ስለሆነ ታንከሩ የሚሞላው ቀንና ሌሊት ተጠራቅሞ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚለቀቀው ጧት ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው። የቧንቧዎቹ መዝጊያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቫልቩ ስላለ ማንም አላሰበበትም። የቦኖው ጠባቂ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከቦኖው ቁልቁል፣ ጓሯቸው ደግሞ ከቤታቸው ጎን ነው። ያኔ መቆጣጠሪያውን ስተክል፣ «ልጄ፣ ሰዓቱን በእኛ አድርግልኝ። የፈረንጁን ስደምር ስቀንስ እሳሳታለሁ» አሉኝ። እኔም የሞጁሏን ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ሞላሁላቸው። ጧት አንድ ሲሆን ትንሿ ስክሪን ላይ አንድ ይላል። እሳቸው በየቀኑ ከእጅ ሰዓታቸው ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ አምስት ደቂቃ ወደኋላ ከቀረች ይደውሉልኛል። አንዳንዴ ይሰለቹኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ከሠራች በኋላ ሞጁሏ ተቃጠለች። አዲስ አበባ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ ዘንድ ደወልኩ።

«እሱ ቆሟል» አለኝ።

«መቼ ይገባል?»

«አይገባም። ፋብሪካው ማምረት ትቶታል። አዲሱን ውሰድ፣ ይሻልሃል።»

እውነትም ይሻላል። አዲሷ ሞጁል እግሮቿ ሌላ ናቸው፣ የምትፈልገው ቮልትም ያነሰ ነው። ሽቦውን እንደገና ዘረጋሁ፣ ቫልቩን የምታዝበትን መስመር ቀየርኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተጎንብሼ ከረምኩ። ሲም ካርድ ስለምትይዝ ሰዓቱን ራሷ ከኔትወርክ ትወስዳለች። አሮጌውን ፕሮግራም ግን እንዳለ ገለበጥኩት። ሦስት ዓመት የሠራ ነገር ምን ይነካል ብዬ ነው። ሌሎቹን ቦኖዎችም በአዲሱ እንድቀይር ከየቀበሌው ሰዎች ጋር ተነጋግረን ስለነበር ልቤ አብጦ ነበር።

ዐቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነው፣ ሄጄ ተከልኳት። ሰው ተሰብስቧል። ቁልፏን ስጫን ውሃው ፏ አለ፤ ተጨበጨበ። ጠባቂው ሳጥኑን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ሰዓቱን በምን ልየው?» አሉኝ። ስክሪኑን አውጥቼዋለሁ።

«አባቴ፣ ከእንግዲህ ሰዓት ማየት የእርስዎ ሥራ አይደለም» አልኳቸው። «ራሷ ታውቃለች። እርስዎ ምንም አይንኩ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም አብረው ፈገግ አሉ። የሳጥኑ ቁልፍ ግን እንደ ድሮው እሳቸው ጋ ቀረ፤ ውስጡ ቫልቩን በእጅ የሚከፍትና የሚዘጋ ማንሻ ስላለ፣ ለክፉ ቀን ብለን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ሱቄ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል።

«ልጄ፣ ጧት ጠብታ የለም። ሌሊት ነው መሰለኝ የሚለቀው። ሲንፏፏ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አይዘጉትም?»

«አይንኩ ብለኸኝ!»

ስልክ ፈትቼ በእጄ ይዤ ነበር፣ ደንበኛም ቆሟል። ቀና ብዬም በደንብ አላየኋቸውም። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ጧት ነው፣ ህልም ይሆናል አልኳቸው። ውሃ እንኳ ሳልጋብዛቸው ተመለሱ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደወለ። ታንከሩ በየጧቱ ባዶ ነው፣ መሬቱ ግን ረጥቧል፣ የጠባቂው ደርቆ የነበረ ጎመን አቆጥቁጧል አለ። ማሽኑ ይሳሳት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ማሽኑ አይሳሳትም» አልኩት። «ቁልፉ በማን እጅ ነው ያለው?»

ሰብሳቢው «ገባኝ» ብሎ ዘጋው። እኔ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ ሽማግሌውን ግን ያን ጊዜ በአንዲት ቃል ሸጥኳቸው።

እሑድ ለስብሰባ ና ተባልኩና ሄድኩ። ሰው ከቅዳሴ እስኪወጣ ወደ ቦኖው ወረድኩ። ጠባቂው ቀድመውኝ ደርሰው ሳጥኑን በገዛ እጃቸው ከፈቱልኝ። ላፕቶፑን ሰካሁ። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሞጁሏ ሰዓት 9፡40 ይላል። የእጅ ሰዓቴ ሦስት ከአርባ ነው።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ሞጁሏ ከኔትወርክ የወሰደችው የፈረንጁን ሰዓት ነው። እኔ ጧት አንድ ብዬ የጻፍኩት ለእሷ ከሌሊቱ ሰባት ነው፤ አራት ያልኩት ደግሞ ከሌሊቱ አሥር። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ውሃውን ስታፈስ ሰንብታለች። አንድ ሕፃን የሚያውቀውን፣ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት በስድስት እንደሚለያይ፣ እኔ ረስቼዋለሁ።

«አገኘኸው?» አሉኝ ጠባቂው።

«ትንሽ ይቀረኛል» አልኩ።

ያኔ ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ግን ሰዓት መቁጠር የማይችል ባለሙያ ተብዬ ገበያው ውስጥ ስዞር ታየኝ። ሌሎቹ ቦኖዎችም ታዩኝ። ሰው ከላይ ሲጠራን ላፕቶፑን ዘጋሁና አብረን ወጣን።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዋርካው ሥር ሕዝቡ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ተነሥቶ ነገሩን አስረዳ። ጠባቂው ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ውሃ አልሰረቅሁም» አሉ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያውም እዚህ አለ። ማሽኑ ደህና ነው?»

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። እሷ ደህና ነበረች፤ ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ሰው በግምት አይፈረድበትም፣ በግዝት ይውጣ» አሉ። ሁላችንም ቆምን። «ይህን ውሃ ያፈሰሰ፣ ያፈሰሰውንም እያወቀ የሸሸገ፣ እስኪናዘዝ ድረስ ውጉዝ ይሁን!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ጠባቂው አጠገቤ ነበሩ፤ አሜን ያሉት ጮክ ብለው ነው። እኔም አልኩ።

ሕዝቡ ሲበተን፣ ሳጥኑ ሳይቆለፍ ቀርቶ ስለነበር፣ ወደ ቦኖው ብቻዬን ተመልሼ ሁለት ቁጥር ቀየርኩ። አንዱን ሰባት፣ አራቱን አሥር አደረግሁት። በማግስቱ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ፏ ብሎ መጣ። እኔ ነገሩን ያለ ወሬ የዘጋሁት መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢው ደስ ብሎት ደወለልኝ።

«ግዝቱ ያዘ! በተገዘተ ማግስት ሌባው ደንግጦ ተወ። አሁንማ ማን እንደሆነ ሁሉም አወቀ።»

ቁልፉን ከሽማግሌው ተቀብለው ለሌላ ሰጡት። የራሴን ስሕተት በድብቅ ማረሜ በእሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነ። ይህን ስሰማ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ፣ ግን አሁንም አልሄድኩም። ጾሙ አለቀ፣ ፋሲካ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጭ እቆም ነበር፤ ቅጥሩ ውስጥ ሰው የበዛ እያስመሰልኩ። ሌሎቹን ሞጁሎች ስቀይር ደግሞ ሰዓቱ የሚጻፍበት መስመር ላይ በደረስኩ ቁጥር ስድስቱን ሰዓት እየደጋገምኩ በጣቴ እቆጥር ነበር።

የሄድኩት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጓሯቸው ባዶ መሬት ሆኗል። ጎመኑን ነቅለው ጥለውታል፤ አላፊ አግዳሚው እያየ ስለሚጠቁም ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሱቄ የመጡበትን ቀን፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው ያልኩትን፣ ስድስቱን ሰዓት።

እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ሁለት ቁጥር ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ሰዓቱን መሳሳትህ ምንም አይደል። እኔም እሳሳታለሁ፣ ነግሬህ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አሜን ስትል ግን አጠገቤ ነበርህ።»



በቀጣዩ እሑድ ዋርካው ሥር ቆሜ ለሕዝቡ ተናገርኩ። እንደፈራሁት ሳቁ፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ቄሱ ግን አልሳቁም። እግራቸው ሥር አንበርክከው ግዝቱን ፈቱልኝ። ሰብሳቢው አቀርቅሮ ቁልፉን ለሽማግሌው መለሰ። እሳቸው በአንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ አሉ፦ ሰዓቱን የሚያዩበት ስክሪን ይመለስ።

አዲሷ ሞጁል ለአሮጌው ስክሪን የሚሆን ቦታ የላትም። መሀል ላይ ሌላ ሰሌዳ ጨምሬ፣ ሽቦ በሽቦ በይጄ አስገባሁት። አሁን ሞጁሏ በፈረንጅ ሰዓት ትሠራለች፣ ስክሪኑ ግን በእኛ ያሳያል።

የመቆጣጠሪያውን ባትሪ ለማየት ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር ሳጥኑን ከፍተው ይጠብቁኛል። ስክሪኑ ፊታቸው እያለ፣ «ስንት ይላል?» ይሉኛል።

«ሁለት ከሩብ ይላል፣ አባቴ።»

የእጅ ሰዓታቸውን አያዩም። እኔን ያዩኝና ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አሜን» ይላሉ።