አሥራ አራት ሰው የሚይዝ ጀልባ

የቤተሰባችንን ጀልባ የምነዳው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትገዛ ታላቅ ወንድሜ ሶዶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ መምጣት አልቻለም፤ እናቴ ውሃ ትፈራለች፤ የመጨረሻ ልጅ ሆኜ እናቴ ዘንድ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሞተሩን አስነሳሁት፤ በቃ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አባያ ዳር ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው አሻግራለሁ። ስለ ዕረፍት የምሰማው ከተማሪዎቼ ነው።

ከሐይቁ ማዶ የተዳረች ታላቅ እህት አለችን። እሷ ዘንድ በመኪና እሄዳለሁ ያለ ሰው ወደ ሶዶ ይወጣል፣ በዲምቱ ዞሮ የብላቴን ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ ሞተር ሳይክል ፍለጋ ይቆማል፤ ሲደርስ ቀኑ አልቋል። በጀልባ ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የታመመ ሲኖር፣ የወለደች ስትኖር፣ ለቅሶ ሲሆን ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። “ለአንድ አፍታ ብቻ” ይሉኛል። የእነሱ አንድ አፍታ የእኔ ሙሉ ቀን ናት።

አሮጌዋ ጀልባ ከእንጨት የተሠራች ነበረች፤ ከእኔ ሌላ ስድስት ሰው ትይዛለች። እኛ ደግሞ ከነልጆቻችን አሥራ ሁለት ነን። አባያ ጠዋት ጠዋት ቡናማ ውሃውን አርግቶ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ነው። ነፋሱ ሳይመጣ ሁለቴ ለመመላለስ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ከእህቴ ቤት መነሳት ያለባቸው ልክ ምግብ ሲቀርብ ነው። ለእናቴና ለልጆቹ ቀድሞ ይወጣላቸውና ይበላሉ። እነሱን አድርሼ ስመለስ የቀሩት ጠግበው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። “ቶሎ በል እንጂ፣ ነፋሱ መጣ!” ብለው የሚቆጡኝም እነሱው ናቸው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እህቴ ቤት ተቀምጬ በልቼ አላውቅም። ቆሜ ሻይ ጠጥቻለሁ። እጄን ታጥቤ ሳልቀርብ የሄድኩበት ጊዜም አለ። ትንሽ ነገር ነው፤ የልጆች አባት የሆነ ሰው አፉን ሞልቶ የሚናገረው አይደለም፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም። ግን ያመኝ ነበር። እናቴ ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ ይህች እህቴ ናት፤ በቤቷ እንደ ሹፌር ገብቼ እንደ ሹፌር መውጣቴ ይከነክነኛል።

ባለፈው ዓመት የአሮጌዋ ወለል መበስበስ ጀመረ። ወንድሜ ደወለና “አሁንማ ከፍ ያለ እንግዛ” አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ተስማምቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሶዶ፣ ወንድሜ ቤት ተሰበሰብን። እሱ በስልኩ የፋይበር ጀልባዎች ፎቶ ሰብስቦ ጠበቀን፤ ሹል ሹል ያሉ፣ ባለ አርባ ፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላቸው። “ይሄ እኮ አይሄድም፣ ይበራል!” ይላል። ወንድሜ ለራሱ ሠርግ እንኳ አርፍዶ የመጣ ሰው ነው፤ በርሮ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው። የእሱ ሚስት ፎቶ ላይ የሚያምር ቀለም ፈለገች። የእኔዋ ለልጆቹ ጥላ ያለው ይሁን አለች። እናቴ እጇን አገጯ ድረስ አንስታ “ግድግዳው እዚህ ይድረስ፤ አዞ አንገቱን የማያስገባበት” ብላ ለካች። እኔ ስለ እያንዳንዱ ጀልባ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠይቀው፦ ስንት ሰው ይይዛል? ወንድሜ የወደደው ስምንት ነው የሚይዘው። ስምንት ማለት ለእኔ ያው ሁለት ጉዞ ነው። አልፈልግም አልኩ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ “ይጠብባል” አልኩ።

ከምሳ በኋላ አንድ ብየዳ ቤት ሄድን። ባለቤቱ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛ ከእኛ እኩል የሚናገር ሰው ነው። ግቢው ውስጥ በውጭ በሮችና በውሃ ታንከሮች መካከል አንድ የብረት ጀልባ ተቀምጧል። ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ትቶበት ነው። ወንድሜ የበዓል በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞረው፣ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ራቅ ብሎ ዓይኑን አጥብቦ አየው። “ሥጋ አለው” አለ። ሚስቶቻችን ሳቁ። እናቴ ጎኑ ላይ ተጠግታ ቆመችና ቁመቱን ወደደችው። እኔ ውስጥ ገብቼ አግዳሚዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ሰው።

“ማነው የሚነዳው?” አለ በያጁ።

ሁሉም ፊታቸውን ሳያዞሩ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

“አንተስ ምን ይሁንልህ ትላለህ?”

እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ደነገጥኩ። “አንድ ጊዜ ብቻ መሻገር” አልኩት።

“ነዳጅ ለመቆጠብ ነው” አለ ወንድሜ በኩራት፤ “አስተማሪ አይደል፣ ያስባል።” አላረምኩትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ሳልናገር እንዲገባቸው እፈልጋለሁ፣ ሳይገባቸው ሲቀር አኮርፋለሁ።

ጀልባውን ገዛነው። ወንድሜ አርባ ፈረስ ጉልበቱን አስገጠመ፣ ሚስቴ የሸራ ጥላዋን አሠራች፤ ቀለሙ ግን የውጭ በር ቀለም ሆኖ ቀረ። በአይሱዙ ጭነን ወደ ቆላ ስንወርድ በየመንገዱ ሰው እየቆመ አየን። አንዱ ፖሊስ አስቁሞን “ታንከሩ ክዳን የለውም እንዴ?” አለ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከመኪናው አውርዶ ውሃው ውስጥ ለማስገባት የመንደሩ ወንድ ሁሉ ተጠራ፤ እኔ ለሦስት ቀን ወገቤን ማቅናት አቃተኝ።

የመጀመሪያው ጉዟችን እህቴ አዲስ ቤት ሠርታ ለምታደርገው የምስጋና ፕሮግራም ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልበላሁም። ሚስቴ አሞህ ነው ወይ አለችኝ። ሆዴን ለእህቴ ቤት ያቆየሁት ሆን ብዬ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው ነን፣ ቦታው አሥራ አራት ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ተቀምጬ፣ እስከ ስምንት ሰዓት እበላለሁ፣ አብረን እንመለሳለን። ይህን ሒሳብ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሆኜ ስሠራው ነበር።

ዳር ላይ ስደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ስምንት ናቸው። አጠገባቸው ኦርጋን፣ የእኔን ጠረጴዛ የሚያህል ድምፅ ማጉያና ጄኔሬተር አለ። ወንጌላዊውም መጥተዋል። ሁለት ጎረቤቶቻችንም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ለካስ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ “አሁን ትልቅ ነው፣ ቦታ አለ” ብላ ለሁሉም ተናግራለች።

“አዬ፣ እናቴ” አልኳት ጠጋ ብዬ፣ “እኛ እኮ ብቻችንን አሥራ ሁለት ነን።”

“እና እነዚህ ሰው አይደሉም?”

እኛ ዘንድ ጀልባ ያለው ሰው ዳር ላይ የቆመ ሰው ትቶ አይሄድም፤ ቢሄድም እንቅልፍ የለውም። ጀልባው ሲያድግ ዳር የሚቆመውም ሰው አብሮ እንደሚያድግ ግን አላሰብኩም ነበር። ጄኔሬተሩን አንስቼ ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ከጅሎኝ ነበር። ተሸክሜ ጫንኩት።

ስንሄድ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ጸሎቱ ረዘመ፣ መዝሙሩ ረዘመ፣ ምግቡ ሲቀርብ ሰማዩን አየሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ማሻገር አለብኝ። እጄን ታጥቤ ነበር። እርጥብ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ተነሳሁ። እህቴ የሥጋ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

እናቴን፣ ልጆቹንና ወንጌላዊውን አሳፍሬ ሞተሩን ላስነሳ ስል እህቴ በአዲስ ቀሚሷ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛ እየሮጠች መጣችና ገባች።

“እንግዳ ጥለሽ ወዴት ነው?” አለቻት እናቴ።

“ሸኝቼ እመለሳለሁ።”

እናቴ ለእሷ ክብር መስሏት ደስ አላት። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹን አድርሰን የቀሩትን ልናመጣ ስንመለስ በዚያ ሁሉ አግዳሚ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች መታየት ሲጀምሩ “አጥፋው” አለችኝ።

“ነፋሱ ሊ...”

“አጥፋው አልኩህ እኮ!”

አጠፋሁት። በላስቲክ ከያዘችው ውሃ እጄን አስታጠበችኝ። ቋጠሮውን ፈታች፦ ጥሬ ሥጋ፣ ቆጮ፣ ዳጣ፣ ትኩስ ቅቤ። “ና፣ ከሞተሩ ተነስና እዚህ ተቀመጥ” ብላ አጠገቧ ያለውን አግዳሚ መታ መታ አደረገች። ጀርባዬን ለሞተሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በትልቁ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

“ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ተርበህ ስትሄድ የማላይ መሰለህ?”

አፌ እንደሞላ እንባዬ መጣ። እሷ ዳጣ እንዳቃጠለው ሰው እያየችኝ ሌላ ጠቀለለች።

ሞገዱ የጀልባውን ጎን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ማዶ ዳር ላይ ዘማሪዎቹ ተሰልፈው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው። ልነሳ ስል እህቴ ጉልበቴን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

“ይጠብቁ” አለች።

ይህ ቃል በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አፌ ላይ መጥቶ አያውቅም። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ፤ እኔም እጄን ወደ ሳህኑ ሰደድኩ።