ለሰፈሩ ስልክ ሁሉ

ከወሎ መጥቼ መቐለ ዓይደር ሰፈር ጨርቅ እነግዳለሁ። ቤት ያከራዩኝን ሴትዮ በአገሩ ቋንቋ አደይ፣ እናቴ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ወደይ ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ፊደል ስላልቆጠሩ ስልካቸው ላይ መልእክት በገባ ቁጥር የማነብላቸው እኔ ነኝ። አብዛኛው ማስታወቂያ ነው፤ እሱንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ካልሰሙ አይለቁኝም።

ሹፌሩ ልጃቸው መኪናው ተገልብጦ የሞተ ዕለት ወሬው ለእኛ በቀትር ደረሰን። ሽማግሌዎቹ ሴት ልጃቸው ከዓዲግራት እስክትገባ ይቆይ፣ መርዶው በማለዳ ይነገራቸው አሉ። ወጉም ይኸው ነው፤ እናት የልጇን ሞት የምትሰማው ዘመድ ከቧት፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሳለ ነው። ስልክ ደግሞ መች መርዶ ያረዳል?

የእድራችን ጸሐፊ ግን የለቅሶውን ጥሪ በቴሌ በኩል በሰፈሩ ላለ ስልክ ሁሉ አስላከው፣ ያውም በዚያው ቀን። ኋላ ስጮህበት "የአደይን ቁጥር እኮ አስወጥቼዋለሁ" አለኝ፣ ላቡ እየወረደ። ምን ዋጋ አለው። ነገሩ በቁጥር አይሄድም፤ የቴሌ ማማው የሚደርስበት ስልክ ሁሉ ይቀበለዋል። የእናትየዋ ስልክ የትኛው እንደሆነ ማማው በምን ያውቃል? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መልእክቱ ሱቅ ውስጥ ሲደርሰኝ በሬን እንኳ ሳልዘጋ ወደ ቤት ሮጥኩ። አደይ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

"ወደይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን እያየ ይሸሸኛል። እስቲ አንብብልኝ።"

የልጃቸው ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩ ሰዓት።

"መብራት ይጠፋል ነው የሚለው፣ አደይ።"

በረጅሙ ተነፈሱ። "ተመስገን። እኔ እኮ ሞት መስሎኝ ነበር። በል ለልጄም ደውልልኝ፣ ሳይጨልም ይግባ።"

እምቢ ብል ሊጠረጥሩ ነው። ዝግ ነው እላቸዋለሁ ብዬ ደወልኩ። ጠራ። የሚጠራው ደግሞ እዚያው አጥራችን ጥግ ነው። ሽማግሌዎቹ መልእክቱ እንደተላከ ሰምተው፣ ከስልክ ሳትሰማ እንድረስላት ብለው ተጣድፈው በራችን ላይ ደርሰዋል፤ የሟቹን ዕቃ ከሆስፒታል የተረከበው አጎቱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር።

አደይ የጥሪውን ድምፅ ዐወቁት። ፊታቸው በራ። "መጣልኝ" አሉና ምስሩን አስቀምጠው በሩን ሊከፍቱ ተነሱ። አላህ ያውቃል፣ ልይዛቸው ፈልጌ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ።