ጎን ለጎን የሚሄዱ ድምፆች

የባንዱ መምህር ማኤስትሮ ፊሎጎንዮ ያን ዘመን ሲያስታውሱ አስቀድሞ የሚመጣባቸው በአመድና በሎሚ የተፈተገ ናስ ሽታ ነው። በዚያ የኦአሃካ ተራራ መንደር ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የባንዱን መሣሪያ ይፈትግ ነበር፤ ኖታውን በአፉ ዘምሮ ሳይጨርስ ግን አንዱንም መንፋት አይፈቀድለትም። ሕጉን ከመምህራቸው ተቀበሉት እንጂ እሳቸው አላወጡትም፤ ይሁንና እንደ እሳቸው የጠበቀው አልነበረም። ቱባ የተባለውን ትልቁን ናስ የሚነፋው ክሪሶፎሮ፣ ማኤስትሮ ገነት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያርሙት የመላእክቱን ኖታ ነው እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

ሚስታቸው ኤፒፋንያ የሞተች ጊዜ፣ በባንዱ ክላርኔት የምትነፋው ልጃቸው ዴልፊና የቀብር ማርሽ ጻፈችላት። በመንደሩ ልማድ ለሟች የተጻፈ ዜማ መቃብሩ አፍ ላይ ይነፋል፤ አስቀድሞ ግን መምህሩ ያየዋል። ማኤስትሮ እንባቸው ሳይደርቅ አዩት። መካከሉ ላይ ሁለት ድምፆች በአምስት ኖታ ተራርቀው፣ ርቀታቸውን ሳይለውጡ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ይህ ደግሞ በሙዚቃ ማስተማሪያው መጽሐፍ የተከለከለ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መንገድ እንዲሄድ ታዟል። ላጲሳቸውን አወጡ።

«አባባ፣ ይተዉት» አለች ዴልፊና። «አውቄ ነው የጻፍኩት።»

«አውቆ ማጥፋት ይብሳል፣ ልጄ። ሰው ምን ይለኛል? የገዛ ልጁን እንኳ አላስተማረም ነው የሚሉኝ።»

«እርስዎና እማማ ወደ በቆሎው ማሳ ስትሄዱ እንዲህ አልነበር? ጎን ለጎን፣ ሳትቀራረቡ፣ ሳትራራቁ።»

ማኤስትሮ ያንን ቦታ አጠፉና በሥርዓቱ አስተካከሉት። ሜስካል የሚሉት አረቄ ለመሬት ከተንጠባጠበ በኋላ የታረመው ማርሽ ተነፋ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አማረ አለ። ዴልፊና ሳታለቅስ ነፋችው። ከዚያም ወደ ከተማ ወርዳ ሙዚቃ ተማረች፤ ውላ አድራም ያንኑ የድምፆች ሕግ ለሌላ ሰው ልጆች የምታስተምር ሆነች።

ማኤስትሮ በእርጅናቸው ብቻቸውን ወደ ማሳው ሲወጡ ግራ ጎናቸው ባዶ መሆኑ ይሰማቸው ጀመር። ያ ያጠፉት ቦታ በጆሯቸው ይመጣና ሳይሞላ ይጠፋባቸዋል። መጽሐፉ ዋሸኝ አላሉም። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ ግን ለማን ሲባል እንደሚታለፍ መጽሐፉ አይነግርም፣ ያን ማወቅ የእሳቸው ፋንታ ነበር።

ለኤፒፋንያ መታሰቢያ ዴልፊና መጣች። ባንዱ በልምምድ ቤቱ እንደተሰበሰበ ማኤስትሮ ወረቀትና እርሳስ ዘረጉላት፤ ነገ መቃብሩ ላይ እንዲነፋ ያንን ቦታ እንደ መጀመሪያው አድርጋ እንድትጽፍላቸው ለመኗት።

ተቀምጣ ጻፈች። በዝግታ አንጎራጎረችው፤ ላጲስ ጠየቀች። ደግማ ጻፈች። ክሪሶፎሮ እንኳ የሚያሾፍበት ነገር አጣ።

«እጄ እሺ አይለኝም፣ አባባ» አለች በመጨረሻ። «ሁለቱን ጎን ለጎን ላስኬዳቸው ስል በየመንገዳቸው ይለያያቸዋል። ደህና አድርገው ነው ያስተማሩኝ።»

ማኤስትሮ ወረቀቱን አዩት። አንድም ስህተት የለበትም።

ዴልፊና ክላርኔቷን ነቃቅላ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።