በሎሚ የተፈተገው ጥሩምባ

በ1971 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ ባሕር ዳር፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጥሩምባ ነፊ። ዛሬ ዲያቆኑ የቤተ ክርስቲያኑን ጽና በአመድና በሎሚ ሲወለውል ሽታው ያንን ጊዜ አስታወሰኝ።

ለአብዮት በዓል ሰልፍ ብቻውን የሚነፋ አንድ ሰው ሊመረጥ ነበር። እኔ መሆን አለብኝ ብዬ ነበር። የጥሩምባዬ ድምፅ ግን ታፈነብኝ፤ ጥፋቱን ጥሩምባው ላይ በተቀባው ቀለም አላከክሁ። አባቴ ቄስ ነበሩና እንደ ጽና በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። ግማሹ ቀለም ተላጠ፤ ድምፁም ተከፈተልኝ።

አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ አይተው ሳቁ።

«አንተ የቄስ ልጅ፣ ልታጥንበት ነው?»

ፊቴን ወደ ጣና አዙረው አቆሙኝና የእኔንም የራሳቸውንም ጥሩምባ ይዘው ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ነፉ።

«የተፋቀው የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው ነዋ! ጥርት ብሏል።»

«ሁለቱንም ጊዜ የነፋሁት የራሴን ነው፤ ቀለሙ ያልተነካውን። ድምፅ ከከንፈርና ከትንፋሽ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ሁለተኛውን አጥብቀው ነፍተውት ነው!» አልሁ። ዛሬም እንደዚያው እላለሁ።

ፈተናው በማግስቱ ከሰዓት ነበር። ጠዋት ሎሚዬን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድሁና የቀረውን ቀለም ፋቅሁ።