ሽንት ሳፈላ

ከመርሳ ጤና ጣቢያችን ላቦራቶሪ የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ ካለቀ ሰንብቷል። ላኩልን ስንል «ወልድያ ደርሷል» ይሉናል፤ ከወልድያ መርሳ ባሕር ማዶ ነው እንዴ! እኔም ታክቶኝ ወደ ድሮው ዘዴ ተመልሻለሁ። ሽንቱን በቱቦ አድርጌ እሳት ላይ አፈላዋለሁ፣ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ። ያኔም ደፍርሶ ከቀረ ፕሮቲን አለበት። የሰው ሽንት ሳፈላ ውዬ ቤቴ ስገባ ሻይ ማፍላት እንኳ ያስጠላኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ከጎረቤት ከተማ ከግራና አንዲት ልጅ ከአማቷ ጋር መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ወሯ ገፍቷል። ፊቷ ከማበጡ የተነሳ ዓይኗ ሊጠፋ ደርሷል፤ ጫማ አልገባ ብሏት የአማቷን ሸበጥ ተጫምታለች። አዋላጇ ደም ግፊቷን ለክታ አልወደደችውም። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ከተገኘ ዛሬውኑ ወልድያ መሄድ አለባት፤ አለዚያ ለሷም ለልጁም ያሰጋል።

አፈላሁት። ጥርት! ደገምኩት። አሁንም ጥርት! እጄ ላይ ያለው ሽንትና ፊቴ የቆመችው ሴት አልገጥም አሉኝ።

«እናቴ፣ ይሄ የሷ ሽንት ነው?» አልኳቸው አማቷን።

«ወላሂ የሷ ነው!»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ነጣ?»

ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ጠቁሮ አፈርና። ለባዳ ወንድ እንዴት ይሰጣል? ትንሽ ውሃ ጣል አደረግንበት።»

ደሜ ፈላ። «ሽንት ወጥ ነው እንዴ የሚቀጥነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ወዲያው አፈርኩ፤ ሰው እኔን አክብሮ በተሳቀቀ እጮኻለሁ? አዲስ ዕቃ ሰጥቼ ሌላ አስመጣሁ። ሲፈላ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ።

አምቡላንሱ ሲመጣ አማቷ እጄን ያዙኝ። «ግራና ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትታይም ሁሌ እንዲሁ ነበር የምናደርገው» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ብቻቸውን መጡ። «እሷ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁን አላህ ወሰደው።» አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እንዲያው ልጄ፣ ያቺ ውሃ ናት የገደለችብኝ?» አሉ።

«አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ድካም ይሁን ምን እንጃ፣ መዋሸት እንኳ አቃተኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ገባኝ» አሉ፣ ምንም ሳልላቸው።