ቁጣ፣ ከሦስት ሁለት

ቀንቼባታለሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬ ነበር፤ የሥራ ጥራት፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ያላልኩት ነገር የለም። ቅናት ነው።

ከሚሊኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በሚዛንና በቴፒ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕሙማንን የማየው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ሌላ ነርስ ስላልነበረች ክፍሉም፣ ወንበሩም፣ የኪኒኑ ቁልፍም የኔ ነበር። በየወሩ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ቅጽ እሞላለሁ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ጥርጣሬ፣ ቁጣ። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት። ዜሮ ከሆነ ደህና ነው። ቅጾቼ ንጹሕ ነበሩ፤ ስርዝ ድልዝ አልወድም።

ከዚያ እሷ መጣችብኝ። የዚያው አገር ልጅ ናት፤ በዕድሜ አሥር ዓመት የምታንሰኝ አትመስለኝም፣ ግን ትንሽ ልጅ አድርጌ ነበር የማያት። ቤንችኛውንም ሸኮኛውንም ታቀላጥፈዋለች። እንድትረዳኝ ነበር የተመደበችው። በሁለተኛው ሳምንት በሽተኞቼ የኔን በር ትተው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ከሷ ጋር ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ይስቃሉ። እኔ ዘንድ ስቆ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበራት። አንድ ቀን ረስታው ስትወጣ ገለጥኩት። «በዚህ ሳምንት ማንን እንቢ አልክ? ደቦ ማን ጠራህ? ከማን ጋር ተጣላህ?» ይላል። ይሄ የመንደር ወሬ እንጂ ሕክምና ነው እንዴ?

«ስለ ጠብ ምን ያስጠይቅሻል?» አልኳት ስትመለስ።

«ሲስተር፣ እኛ ሰፈር አብዷል ከተባለ ሰው ጋር ማንም አይጣላም። ቢሳደብም ቢያጠፋም ‹ተዉት› ነው የሚባለው። የሚጣላው ካገኘ ከሰው ተቆጠረ ማለት ነው።»

ትክክል መሆኗ ወዲያው ገባኝ። ያናደደኝም እሱ ነው። ያን ያህል ዓመት ስሠራ ለኔ ለምን አልመጣልኝም? ብሎ ብሎ ደግሞ ከዞን የመጣ ተቆጣጣሪ ደብተሯን አንስቶ፣ «በሽታን ብቻ ሳይሆን ጤናንም መለካት ከዚች ልጅ ተማሩ» ብሎ በሁላችን ፊት አሞገሳት። የኔን ቅጾች አገላብጦ «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩ ነው! የዚያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ከሸኮ በኩል የሚመጣ አንድ ገበሬ ነበረን፤ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ታሞ ጫካ ገብቶ፣ በገመድ ታስሮ ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ድምፁም ጥርጣሬውም ለቆት በኔ ቅጽ ከዳነ ቆይቷል። ቡናውን ግን ከእናቱ ጋር ብቻ ነበር የሚለቅመው። እዚያ አገር ደቦ ተራ አለው፤ ዛሬ የሰው ማሳ ላይ ለዋለ ሰው ነገ ይወጡለታል። ተጠርቶ የቀረ ተራው ያልፈዋል። ጭራሽ ያልተጠራ ደግሞ ተራ የሚባልም የለውም። የሱ ቡና በየዓመቱ ግማሹ ረግፎ መሬት ላይ ይቀር ነበር።

ኅዳር ላይ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ሲስተር፣ ተጣላሁ!» አለኝ ገና ከበሩ። የጎረቤት በሬ ጎደሬውን ረግጦበት፣ እሱም ተናዶ የሰውየውን አጥር ነቅሎ፣ ሁለቱም ሽማግሌ ፊት ቀርበዋል። «ጥፋተኛ አሉኝ! እሱንም፣ እኔንም። ታረቅን። ሐሙስ ደቦ ጠርቶኛል፤ ከዚያ ወደኔ ይዞራል።» ይህን ሁሉ እየነገረኝ በመስኮት ወደ ዛፉ ያያል። «ያችኛዋ የለችም እንዴ? ለሷ ብነግራት ደስ ይላት ነበር።»

መንደር ወጥታ ነበር። አራት ዓመት መድኃኒት የሰጠሁት እኔ፣ ደስታው ግን ለሷ የተቀመጠ!

ቅጼን ሳብኩ። ቁጣ፣ ከሦስት ሁለት። አጥር መንቀል ቅጹ ላይ የበሽታ ምልክት ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ሲተኛ የሚውጠውን ኪኒን እጥፍ አደረግሁት። እንደማያስፈልገው አላውቅም ነበር እንዳልል፣ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ደግሞ ጾም ላይ ነበርኩ፤ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለኔ ነው።

በወሩ ከእናቱ ጋር መጣ። ልጅቷም ክፍሉ ውስጥ ነበረች። የተናገሩት እናቱ ናቸው።

«የደቦው ሐሙስ ጠዋት ቀሰቀስኩት፣ ውሃ ሁሉ አፈሰስኩበት፤ አልነቃም። ደጅ ድረስ መጥተው ጠሩት። በኋላ ‹ተዉት፣ ይሄ ልጅ አልዳነም› ብለው ሄዱ። ተራው አለፈ። በሬው ደግሞ ተመልሶ ገባ፣ ይቅርታ ያለን ሰው የለም።»

ልጃቸው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ቅጹን ሞላሁት። ድምፅ ዜሮ፣ ጥርጣሬ ዜሮ፣ ቁጣ ዜሮ። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ቅጽ ሞልቼ አላውቅም። ልጅቷ ደብተሯን አልገለጠችም። እንድትናገረኝ ፈለግሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። እሷ ፊት መናገሩ ነው የከበደኝ። «መድኃኒቱን የጨመርኩብህ አሞህ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ በአንተም አይደለም የተናደድኩት። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ድሮው መልሼዋለሁ።»

እናቱ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ትከሻውን ወዘወዙት።

«ተቆጣት እንጂ! ምን ዝም ትላለህ፣ ተቆጣት!»

እሱ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ተነሣና ኪኒኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ምንም አይደል ሲስተር» አለ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»